ውሃውን ይዞ የሚዞር አጣቢ

በአዲስ አበባ መኪና የሚያጥብ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ሲባል ኖሯል። አንደኛው ባለ ላቫጆ ነው፤ ቦታ ተከራይቶ፥ ሲሚንቶ አስፈስሶ፥ የውሃ መግፊያ ሞተር ተክሎ ደንበኛው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሁለተኛው ባልዲና ጨርቅ ይዞ በመንገድ ዳር ቆሞ «ልጠብልዎት ጋሼ?» የሚለው ልጅ ነው። እኛ ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ግን ስለ ሦስተኛው ነው። ይኽ ሦስተኛው ደንበኛውን አይጠብቅም፥ መንገድ ዳርም አይቆምም። በስልክ ይጠራና ውሃውን በበርሜል፥ ሳሙናውን በጀሪካን፥ የአቧራ መምጠጫውንና የፖሊሽ መሣሪያውን በአንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ጭኖ የሚታጠበው መኪና ከቆመበት ግቢ ድረስ ይሄዳል። እዚያም ሦስትና አራት ሰዓት ይቆያል። ማጠብ የሥራው መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም፤ ቀለሙን ያወለውላል፥ ሰም ይቀባል፥ የወንበሩን ጨርቅ ያጥባል፥ በበሩ ማጠፊያ ውስጥ ከዓመት እስከ ዓመት የተጋገረውን ጭቃ በጥርስ ብሩሽ ያወጣል።

ለዚህ ሥራ ገና ስም አልወጣለትም። የቀድሞው የሙያ ስማችን ሁሉ የጣሊያን ውርስ ነው። ኮፈኑ፥ ፓራውልቱ፥ ስፖኪዮው፥ ክሩስኮቱ፥ ቸርኬው ሁሉ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ እዚሁ በቀሩት መካኒኮች አፍ የገቡ ቃላት ናቸው። ላቫጆ ራሱ በጣሊያንኛ ማጠብ ማለት ሲሆን እኛ ቦታውን ጠራንበት። መኪናው ግን ከጣሊያኖቹ ቀድሞ የገባ ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ነድቶ አዲስ አበባ የደረሰውና ዐፄ ምኒልክ ተቀምጠውባት ከተማውን ያዩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የነበረውን መንገድ ለሚያስብ ሰው፥ ያቺ መኪና ስትገባ ጭቃ መልበሷ የሚያጠራጥር አይደለም። እንግዲህ አጣቢነት በአገራችን ከሹፌርነት ጋር እኩል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ይኽን ጉዳይ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ወጣቶች አንዱ ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ የተማረ፥ በኢኮኖሚክስ ዲግሪ የያዘ ጓደኛችን ነው። ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል። አፍሮ እንዳይመስላችሁ፤ እናቱ ጋዜጣ ስለሚያነቡና ያነበቡትንም ለዘመድ ሁሉ ስለሚያሰሙ ነው። «ዘመድ ከሰማ በነፃ ማጠብ ልጀምር ነው» አለን። ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሲያነብና ማመልከቻ ሲያስገባ ከቆየ በኋላ፥ ከአጎቱ በተበደረው ገንዘብ ያረጀች ትንሽ የጭነት መኪና ገዝቶ ሥራውን ጀመረ። እኛም ሁለት ቀን ሙሉ አብረነው ዞረናል።

መጀመሪያ የተማርነው ነገር ቢኖር፥ መኪናን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው አለመታጠቡ ሳይሆን አስተጣጠቡ መሆኑን ነው። የመኪና ቀለም አንድ ልባስ ብቻ አይደለም። ከብረቱ በላይ መሠረት አለ፥ ከመሠረቱ በላይ ቀለሙ አለ፥ ከቀለሙ በላይ ደግሞ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ልባስ አለ። የምናየው አንጸባራቂነት የዚህ የላይኛው ልባስ ነው። ውፍረቱም ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። በበጋ መኪናችን ላይ የሚያርፈው አቧራ ደግሞ ውስጡ የአሸዋ ብናኝ አለበት፤ የዚህም ብናኝ ጥንካሬ ከመስተዋት ይበልጣል። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳችን በፊት በደረቅ ጨርቅ እንዲያው ጠረግ ጠረግ ስናደርግ፥ መኪናውን በአሸዋ ወረቀት እያሸን ነው። ጥቁር መኪና ያለው ሰው በፀሐይ ጊዜ ኮፈኑን ዝቅ ብሎ ቢመለከት እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ጭረቶች ያያል። ያ ድር የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ በየማለዳው የተሠራ ነው።

ስለዚህ ጓደኛችን መኪናውን ከመንካቱ በፊት በውሃ አርጥቦ አቧራውን ያወርዳል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ያቀርባል። በአንደኛው ሳሙና፥ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ነው ያለው፤ ስፖንጁ ሳሙናውን ይዞ መኪናውን ከነካ በኋላ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ባልዲ ይታጠባል። ነገሩ ቀላል ነው፤ በየመንገዱ ግን የምናየው ተቃራኒውን ነው፤ ቸርኬ የተጠረገበት ጨርቅ ወዲያው ጣሪያው ላይ ይወጣል። ሁልጊዜም ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማና ቸርኬ የራሳቸው ብሩሽና የራሳቸው ባልዲ አላቸው። የልብስ ሳሙና ደግሞ ጨርሶ አይነካም፤ የልብስ ሳሙና የተሠራው ቅባት እንዲያወጣ ስለ ሆነ ባለቤቱ ገንዘቡን አውጥቶ ያስቀባውን ሰም ይዞት ይሄዳል። ጎማ እንዲያብለጨልጭ ናፍጣ መቀባት የሚባለውም ልማድ እንደዚሁ ነው፤ ጎማው ለአንድ ቀን ይጠቁርና ከዚያ በኋላ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል።

የአዲስ አበባ ፀሐይም ራሱን የቻለ ጠላት ነው። የከተማይቱ ማዕከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፥ አየሩ ቀዝቃዛ ይሁን እንጂ ቀለም የሚያደርቀው የማይታየው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ እዚህ ብርቱ ነው። ቀይ መኪኖች ጣሪያቸው ነጣ ብሎ የምናየው ስለዚህ ነው። የወፍ ኩስ በዚህ ፀሐይ ሥር አንድ ቀን ከዋለ ቢታጠብም ጠባሳው አይለቅም። ለዚህ መከላከያ የሚሆነው ሰም ከሁሉ የታወቀው በብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ነው። የሰም ጥቅም ማብረቅ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ዋናው ግን ኩሱና አቧራው በቀለሙ ፈንታ እርሱን እንዲበሉ ነው።

በዚህ ሥራ ሰው የሚከስርበት ቦታ የት እንደ ሆነ ጠይቀነው ነበር። ሳቀና ወደ ፖሊሽ መሣሪያው አመለከተ። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ጭረቱን መሙላት ሳይሆን ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ልባሱን ከላይ መላግ ነው። በደህና እጅ አንድ ጊዜ ሲሠራ የሚነሣው ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ችግሩ ግን ከዚህ በፊት ስንት ሰው እንደ ላገው መኪናው አይናገርም። ጓደኛችን ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር አንድ ጥቁር መኪና ተሰጠው። ሰውየው ከሌላ ሰው የገዙት ነበር። ኮፈኑና ጣሪያው እንደ መስተዋት ሆነ፤ የኋላው በር ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ልባሱ አለቀና ከሥሩ ያለው ግራጫ መሠረት ብቅ አለ። ጠርዝ ላይ ቀለም ሁልጊዜ ስስ ነው፤ መሣሪያውም ጠርዙን ሲያገኝ ኀይሉን ሁሉ እዚያ ላይ ያሳርፋል። ሰውየው አልተቆጡም። «አንተ ልጅ፥ ይኽንንስ ማን ይከፍላል?» ብቻ አሉት። በሩን አስቀብቶ አስረከባቸው፤ የአንድ ወር ተኩል ትርፉም ሄደ። ያን ጊዜ ሥራውን ሊተው ተነሥቶ እንደ ነበር ነግሮናል። ያልተወው ግን የአጎቱ ብድር ገና ስላልተከፈለ ነው። አሁን የቀለም ውፍረት የምትለካ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ አለችው፤ ሳይለካም አይጀምርም፥ ጠርዙንም በወረቀት ፕላስተር ይሸፍነዋል። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ከሆነ «ጌታዬ፥ ይኽ በር ሰም እንጂ ፖሊሽ አይችልም» ይላል። ደንበኛ የሚያጣበት ቀን አለ፤ በር የሚያስቀባበት ግን አላየም።

ወደ ውሃው እንመለስ። አንድ የቧንቧ ጎማ በደቂቃ 15 ሊትር ያህል ያፈስሳል ብንል፥ ሳይዘጋ ለዐሥር ደቂቃ ሲንዠቀዠቅ 150 ሊትር ማለት ነው፤ ይኸውም ሰባት ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና እናቶች ሌሊት ተነሥተው በርሜል በሚሞሉበት ከተማ ይኽን ያህል ውሃ ለአንድ መኪና ማፍሰስ ሲታይ የሚያሳፍር ነው። ጓደኛችን ግን ውሃውን ራሱ ስለሚሸከም መቆጠብን የተማረው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከመኪናው ነው። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ ያረጀችው መኪናውም ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስትወጣ እያንዳንዱ ሊትር ይሰማታል። ጭቃ ለለበሰ መኪና ሁለት ጀሪካን፥ አቧራ ብቻ ላለበት ግን ከግማሽ ጀሪካን የማይበልጥ ይበቃዋል። ይኽንም የሚያደርገው መታጠብ የማይፈልግ ልዩ ሳሙና በውሃ በጥብጦ፥ ማይክሮፋይበር የሚባለውን ጨርቅ ነክሮ፥ አንዱን ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ እየጠረገበት፥ ወዲያው ወደ ንጹሑ ገጽ እያገላበጠ ነው። አንዱን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ቢያጥፉት ስምንት ንጹሕ ገጽ እንደሚገኝ ያስተማሩት ግን የመንገድ ዳር ልጆች ናቸው።

የታጠበበት ውሃ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ የከበደ ይመስለናል። በአሜሪካ በ1965 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ንጽሕና ሕግ የሳሙናና የዘይት እጣቢ ወደ ዝናብ መውረጃ ቦይ እንዳይለቀቅ ስለሚከለክል፥ በዋሽንግተን አካባቢ ይኽን ሥራ የሚሠሩ ወገኖቻችንም እንደ ሌላው ሁሉ እጣቢውን የሚሰበስብ ምንጣፍ ከመኪናው ሥር ሊያነጥፉ ወይም ያለ ውሃ የሚታጠብበትን ዘዴ ሊይዙ ይገደዳሉ። በእኛም ከተማ ፍሳሽ ወደ መንገድና ወደ ወንዝ መልቀቅ የሚያስቀጣ ነው። ከቀበናና ከግንፍሌ የሚወርደው ሁሉ ወደ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በአቃቂ ውሃ የሚበቅለው ሰላጣና ጎመን ደግሞ ተመልሶ ወደ ገበታችን ይመጣል። ሞተር በናፍጣ የሚያጥብ ሰው እጣቢው የሚሄድበትን መንገድ ቢከተል ምሳው ላይ ያገኘዋል። ጓደኛችን ሞተር የሚያጸዳው በብሩሽና በጨርቅ ነው፤ በዘይት የረከሰውን ጨርቅም ለብቻው በጆንያ ያስቀምጣል። ጆንያው ሲሞላ የት እንደሚጥለው ግን ገና መላ አላገኘለትም።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተወሰነ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በዝቷል፤ ለእርሱም አዲስ ደንበኛ ሆኖለታል። ባለቤቶቹ ውሃ ይፈራሉ። በእርግጥ መኪናው ዝናብ የሚችል ነው፤ ይሁን እንጂ ኀይል የሚሞላበትን ቀዳዳና ሥሩን በግፊት ውሃ መምታት አይገባም። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው፤ ሞተሩ ስለማይጮኽ ተነሥቶ ይሁን ጠፍቶ በጆሮ አይታወቅም። ስለዚህ ጓደኛችን ቁልፉን ከባለቤቱ ተቀብሎ ኪሱ ሳይከት ከመኪናው ፊት አይንበረከክም።

ገቢውን በተመለከተ፥ ዋናው ወጪው ሳሙና ወይም ሰም ሳይሆን ጊዜ ነው። ከአያት እስከ መካኒሳ በሥራ መውጫ ሰዓት መሻገር አንድ መኪና ከማጠብ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት የጠራውን ሁሉ እሺ ይል ስለ ነበር ቀኑን በመንገድ ላይ ይጨርስ ነበር። አሁን ሳምንቱን በሰፈር ከፋፍሎታል፤ ሰኞ ቦሌ፥ ማክሰኞ ሲ.ኤም.ሲ. እያለ ይሄዳል፤ ከዚያ ውጭ የጠራው ሰው ተራውን ይጠብቃል። ከሁሉ የሚሻለው የመሥሪያ ቤት ግቢ ነው፤ አንድ ጊዜ ገብቶ አራት መኪና ሠርቶ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን «ነገ ይዘንባል» በሚል ምክንያት ውጩን የሚያሳጥብ ስለሚጠፋ፥ ያን ጊዜ የረጠበ ምንጣፍና የሻገተ ወንበር ይከተላል። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የውጭ አገሩ ሰምና የፖሊሽ ቅባት ዋጋ በእጥፍ ስለ ጨመረበት እርሱም ዋጋውን ጨመረ፤ ከደንበኞቹ ሲሶው ሸሹ፥ ከሸሹትም ከፊሎቹ ተመለሱ።

ሹፌሮች በመጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። መኪናው በንጽሕና የሚያዘው በእነርሱ ስም ስለ ሆነ፥ ከውጭ አጣቢ መጥራት ነቀፋ መስሎ ይታያቸዋል። እርሱም ሥራውን ሁልጊዜ ከሹፌሩ ወንበር ይጀምር ጀመር፤ አለቃው ከሚቀመጡበት ከኋላው አይጀምርም። ይኽን ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ሻይ ይመጣለታል። ከመንገድ ዳር ልጆችም ጋር እንደዚሁ ተጋጭቶ ነበር፤ በአንድ መቆሚያ «ገበያችንን ልትወስድ ነው» ብለው ባልዲውን ደፉበት። ኋላ ከመካከላቸው ሁለቱን በደመወዝ ቀጠራቸው። ሦስተኛው እምቢ አለ፤ ጉርሻው ከደመወዙ እንደሚበልጥ አስቦ ነው፥ ስሌቱም ትክክል ነበር።

በመስኮት ኋላ የምትቀመጡ ወጣት ሹማምንት ልታነቡት የሚገባው ግን የሚከተለው ነው። ለመሥሪያ ቤት ለመሥራት ደረሰኝ ያስፈልጋል፥ ለደረሰኝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፥ ለፈቃድ ደግሞ የንግድ ቤት አድራሻ ያስፈልጋል። ጓደኛችን ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቅጹን ሞላ።

«የንግድ ቦታህ የት ነው?» አለው ሠራተኛው።

«መኪናዬ ናት፤ እየዞርኩ ነው የምሠራው።»

«የቤት ቁጥሯስ?»

ሰሌዳዋን ነገረው። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቅጹን ገልብጦ አየ፥ መልሶም አየ፤ የሰሌዳ ቁጥር የሚጻፍበት መስመር አልነበረም። «የኪራይ ውል ይዘህ ና» ብሎ አሰናበተው። ይኽ ሁሉ ሲሆን ሥራው ቦታ የማያስፈልገው መሆኑ ዋና ጥቅሙ ነበር። ላቫጆ የሚከፍለውን ኪራይ አልከፍልም ብሎ የጀመረ ሰው ፈቃድ ለማግኘት ሲል ኪራይ ክፈል ተባለ። ቅጹን የሚያዘጋጁት ሰዎች አንድ መስመር ቢጨምሩለት የሚጎዳ ማንም ያለ አይመስለንም።

እናቱ ሥራውን ያወቁት በዚሁ መካከል ነው። እርሱ «በትራንስፖርት ነው የምሠራው» ብሏቸው ነበር፤ ውሸት ነው ለማለትም አያስደፍርም። አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ተንበርክኮ ቸርኬ ሲቦርሽ የሟች አባቱ የሥራ ባልደረባ አዩት። «አንተ፥ የወንድማችን ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉት። ወሬው እርሱ ቤት ሳይገባ ቀድሞት ደረሰ። እናቱ ሁለት ቀን አላናገሩትም። በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልተው ጠሩት።

«ልጄ፥ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው መኪና ልታጥብ ነው?»

«እማዬ፥ ሒሳቡን የምይዘው በተማርኩት ነው» አላቸውና ደብተሩን አሳያቸው። ደብተሩን አይተዋል፤ እያንዳንዱ መኪና ስንት ሊትር ውሃ፥ ስንት ግራም ሰም፥ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ ተጽፎበታል። እናቱ ገጹን እስከ ታች ካነበቡ በኋላ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቁ፤ «ጡረታስ አለው?»

በእርግጥ ይኽ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በሕግ ጡረታ አላቸው፤ አሠሪው ከደመወዙ 11 ከመቶ፥ ሠራተኛው 7 ከመቶ ያዋጣሉ። ሁለቱ ልጆች እንዲመዘገቡ ግን ድርጅቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ለፈቃዱም ያው የኪራይ ውል ያስፈልጋል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው መጣ።

ውሉን በመጨረሻ ያዋዋሉት እናቱ ናቸው። ከግቢያቸው ጥግ ያለችውን የማገዶ ቤት ለመኪና እጥበት መሣሪያ ማስቀመጫ ብለው አከራዩት፤ ሁለት የጎረቤት ሰዎችም ምስክር ሆነው ፈረሙ። ፈቃዱ ወጥቷል። ኪራዩ ለይስሙላ የተጻፈ መስሎት የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ዝም ብሎ ነበር፤ በነጋታው ጠዋት መኪናውን አስነሥቶ ሊወጣ ሲል እናቱ ውሉን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው።